ትሪው ሲያልፈን፦ የጌታ እራት ከቆሮንቶስ እስከ ይፋት



የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ በጉባኤያችን መካከል ሁልጊዜ የምናየው ነገር አለ። መዝሙሩ ይዘመራል፣ ቃሉ ይነበባል፣ ሽማግሌዎች ኅብስቱንና ጽዋውን በትሪ ይዘው በየወንበሩ ያልፋሉ። ትሪው ሲደርስ አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ይሰበስባሉ። አምነዋል፣ ተጠምቀዋል፣ ጌታን ይወዳሉ፤ ግን አይወስዱም። ከጉባኤ በኋላ ለብቻ ስናነጋግራቸው መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፦ "ገና አልበቃሁም"፤ "ትንሽ ልጽዳና"፤ "ደፍሬ ብወስድ ፍርድ እንዳይሆንብኝ"። ሌሎቻችን ደግሞ አለን። ከወንድማችን ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተን ወር ሙሉ ሰላም ሳንባባል እንከርማለን፤ ትሪው ሲመጣ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ አንስተን እንበላለን።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ያስጠነቀቀው የትኛውን ነው? ፈርቶ የሚቀረውን ነው ወይስ ተኳርፎ የሚበላውን? ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይመስለናል። የማዕዱን ታሪክ ከመነሻው ስንከታተለው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ አብረን እንመልከት። (እ.ኤ.አ. ብለን ካላመለከትን በቀር የቅርብ ጊዜውን የአገራችንን ታሪክ በእኛው አቆጣጠር ጽፈናል።)

ማዕድ በይፋት

በመጀመሪያ የምንኖርበትን አገር እናስብ። ቀወት፣ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሃይማኖቶች መገናኛ ነው። የይፋት ሱልጣኔት በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር የቆመው በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በ1285 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። በደጋው የክርስቲያን ነገሥታት፣ በቆላው የሙስሊም ሱልጣኖች፣ በመካከላቸውም የንግድ መንገድ ነበረ። አንዳንድ ጊዜ ተዋግተዋል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ተገበያይተዋል። ዛሬም አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ።

በማዕድ ላይ ግን ወሰን አለ። ድግስ ሲደገስ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን ያርዳል፣ ለሙስሊሙ ሙስሊም ያርዳል። ድስቱም ለየብቻ ነው። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ እንዲያውም "እንግዳዬ ሳይበላ እንዳይሄድ" ከሚል ክብር የመጣ ነው። ሆኖም ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ነገር አስተምሮናል፦ ከማን ጋር እንደምትበላ ማን እንደሆንክ ይናገራል። ከእኛ መካከል አንድ ሰው ወንጌልን ሲቀበልም ከቤተሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ትምህርተ ሥላሴ ወይም ስለ ጽድቅ አይደለም። "አትጾምም እንዴ?" "አሁን ከማን ጋር ነው የምትበላው?" ነው። አንዳንዶቻችን ከመሶቡ ተለይተን የበላንበትን ቀን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን። ስለዚህ በዚህ አገር "የጌታ ማዕድ" ስንል ከባድ ቃል እየተናገርን ነው።

ሌላም የወረስነው ነገር አለ። አብዛኞቻችን ያደግነው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፣ ወይም ከእርሷ ምእመናን ጋር በጉርብትና ነው። በዚያ ቅዱስ ቁርባን ታላቅ ክብር አለው። ኅብስቱ በቤተ ልሔም ይዘጋጃል፣ ወይኑ ከዘቢብ ይጨመቃል፣ ቆራቢው 18 ሰዓት ጾሞ ይቀርባል፣ ሥጋውንና ደሙን ሁለቱንም ይቀበላል። ይህን አክብሮት ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን መማራችን በረከት ነው። ነገር ግን በየሰንበቱ የሚቆርቡት በአብዛኛው ሕፃናት፣ አረጋውያንና በቁርባን የተጋቡ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የቤተ ክርስቲያኒቱ መምህራን ምእመናን ንስሐ ገብተው እንዲቆርቡ አጥብቀው ቢመክሩም፣ በጉልምስና ዕድሜ ያለው ብዙ ሕዝብ ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ አይቀርብም። "ሳረጅ እቆርባለሁ" የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ያ ልማድ ከእኛ ጋር ወደ ወንጌላውያን ጉባኤም መጥቷል። እጃቸውን የሚሰበስቡት ወገኖቻችን ይህን ፍርሃት ከሰፈር ነው የተማሩት።

በዚያች ሌሊት እነማን ተቀመጡ?

ጌታችን እራቱን የሠራው በፋሲካ ሰሞን፣ በኢየሩሳሌም በአንድ ሰው ሰገነት ላይ ነው። በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡትን አንድ በአንድ እንቁጠር። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ሊክድ ነው። ቶማስ ሊጠራጠር ነው። ሁሉም በጌቴሴማኒ ጥለውት ሊሸሹ ነው። ሉቃስ በ22ኛው ምዕራፍ እንደጻፈው ደግሞ እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጠው "ከእኛ ማን ይበልጣል?" ብለው ተከራከሩ። የአሳልፎ ሰጪውም እጅ ከጌታ ጋር በማዕዱ ላይ ነበረች።

ዮሐንስ በ13ኛው ምዕራፍ ጌታ ቁራሽ አጥቅሶ ለይሁዳ እንደሰጠው ይነግረናል። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገንም፤ ጉርሻ ነው። ጉርሻ ለሚወዱት ሰው ይሰጣል። ጌታ ልቡን እያወቀ ለሚሸጠው ሰው አጎረሰ። ከዚያ በፊትም ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ የሁሉንም እግር አጥቦ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው የጌታ እራት ላይ "በቅቻለሁ" ብሎ የተቀመጠ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ማዕዱን ያዘጋጀው የበቃ አንድ ነበረ፤ የተቀሩት እንግዶች ነበሩ።

ቆሮንቶስ፦ ማስጠንቀቂያው ለማን ነበር?

ከ25 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ55 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈ። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የለም፤ ምእመናን በሰው ቤት ይሰበሰባሉ። ማዕዱም ከሙሉ እራት ጋር አብሮ ይቀርባል። ባለጠጎቹ ምግባቸውን ይዘው ቀድመው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ አንዳንዱ ይሰክራል። ድሆቹ ሲመጡ የሚያገኙት ባዶ ሳህን ነው። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል።

ጳውሎስ የተቆጣው በዚህ ነው። "የምትበሉት የጌታን እራት አይደለም" እስከማለት የደረሰው ምንም የሌላቸውን ወንድሞቻቸውን ስላሳፈሩ ነው። ሳይገባው ስለሚበላ ሰው የተናገረው ቃል በዚህ መካከል ተቀምጧል። "ሳይገባው" የሚለው ስለ አበላሉ ይናገራል። ኃጢአት የሌለበት ሰው ብቻ ይቅረብ ማለት ቢሆን ኖሮ በቆሮንቶስ ማንም ባልበላ፣ ጳውሎስም ራሱ ባልቀረበ ነበር። የጌታን ሥጋ አለመለየት ማለትም በአንድ በኩል የተቆረሰልንን ጌታ አለማክበር፣ በሌላ በኩል ደግሞ አካሉ የሆነችውን ጉባኤ፣ አጠገባችን ያለውን የተራበ ወንድም አለማየት ነው። በአሥረኛው ምዕራፍ ላይ ራሱ እንዳስተማረው እንጀራው አንድ ነውና እኛ ብዙዎች አንድ አካል ነን።

ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ሐዋርያው ሰው ራሱን ይፈትን ካለ በኋላ "ከዚያም ይቅር" አላለም፤ እንዲሁ ይብላ፣ ይጠጣ ነው ያለው። ምርመራው ወደ ማዕዱ የሚያቀርብ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ የምዕራፉ መደምደሚያ ለመብላት በተሰበሰባችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ የሚል ነው። በእኛ አገር ሰው ሳይሟላ መሶብ አይከፈትም፤ ጳውሎስ የጠየቀው ከዚህ የራቀ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ምእመናን

ከሐዋርያት ቀጥሎ ያለው ትውልድ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። "ዲዳኬ" ወይም "የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት" የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ በማዕዱ ላይ የሚጸለይ ጸሎት ይዟል። በተራሮች ላይ ተበትኖ የነበረው እህል ተሰብስቦ አንድ እንጀራ እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከምድር ዳርቻ እንድትሰበሰብ ይለምናል። ከሮቢ ወንዝ ዳር ቆመን ወደ ደጋው ተራራ ለምናይ ለእኛ ይህ ሥዕል ቅርብ ነው። በቆላችን ማሽላና ማሾ ይበቅላል፤ ለማዕዱ ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ግን ከደጋ ይመጣል፤ ዘቢቡም ከሩቅ ይመጣል። ማዕዳችን ያለ ሌላ ሰው እጅ አይሞላም።

በ155 እ.ኤ.አ. አካባቢ ደግሞ ሰማዕቱ ዮስጦስ በሮም ሆኖ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ለንጉሠ ነገሥቱ ጻፈ። የሐዋርያትና የነቢያት ጽሑፍ ይነበባል፣ መሪው ያስተምራል፣ አብረው ተነሥተው ይጸልያሉ፣ እንጀራና ውሃ የተቀላቀለበት ወይን ይቀርባል፣ ምስጋና ይደረጋል፣ ሕዝቡም አሜን ይላል። ከዚያ ሁሉም ይካፈላል። መምጣት ላልቻሉት ዲያቆናት ድርሻቸውን ይወስዱላቸዋል። የተሰበሰበው መባም ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። እስረኛው ከማዕዱ ጋር በአንድ ገጽ ላይ የተጻፈ መሆኑን ልብ በሉ፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ሕዝቡ ከማዕዱ ሲርቅ

በዘመናት ውስጥ ክብሩ እየጨመረ ሲሄድ ሕዝቡ እየራቀ ሄደ። ይህ የሆነው በአንድ አገር ብቻ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም በ1215 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ምእመናን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ፣ እንዲቆርቡ ማዘዝ አስፈለገው። በዓመት አንዴ የሚል ትእዛዝ ማስፈለጉ ሕዝቡ ምን ያህል ርቆ እንደነበር ያሳያል። ከጊዜ በኋላም ጽዋው ለካህናት ብቻ ሆነ፤ ሕዝቡ ኅብስቱን ብቻ ይቀበል ነበር።

በቦሔሚያ፣ በፕራግ ከተማ፣ በ1414 እ.ኤ.አ. ካህናት ጽዋውን ለሕዝቡ መስጠት ጀመሩ። በተከታዩ ዓመት የኮንስታንስ ጉባኤ ይህን ከለከለ፤ በዚያው ሰሞን ሐምሌ 6 ቀን 1415 እ.ኤ.አ. መምህሩ ያን ሁስ በእሳት ተቃጠለ። ተከታዮቹ ጽዋን ምልክታቸው አደረጉት። ተራ ገበሬና አንጥረኛ "ጌታ ሁላችሁ ጠጡ ብሏል" ብለው ስለ አንድ ጽዋ ሞቱ። ዛሬ በትንሽ ብርጭቆ የሚደርሰንን ጽዋ ስናነሣ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ማርቲን ሉተርም በ1520 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ጽዋውን ከሕዝቡ መከልከል የማዕዱ አንድ ምርኮ ነው ብሎ ተቃወመ።

በ1529 እ.ኤ.አ. የሆነው

የተሐድሶ አባቶች ራሳቸውም በዚህ ማዕድ ላይ መለያየታቸውን መደበቅ አይገባንም። በጥቅምት 1529 እ.ኤ.አ. ሉተርና የዙሪኩ ዝዊንግሊ በማርቡርግ ከተማ ተገናኙ። ሉተር ሥጋዬ ነው የሚለውን የጌታን ቃል በጠመኔ በጠረጴዛው ላይ ጻፈ፤ ክርስቶስ በኅብስቱ በእውነት አለ ሲል ጸና። ዝዊንግሊ ቃሉ ምሳሌና መታሰቢያ ነው አለ። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ፤ በመጨረሻው፣ በማዕዱ ነገር፣ ሳይስማሙ ተለያዩ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ካልቪን ምእመኑ በመንፈስ ቅዱስ አማካኝነት በእምነት ክርስቶስን በእውነት ይመገባል ብሎ አስተማረ። በጄኔቭ ማዕዱ ዘወትር እንዲቀርብ ቢፈልግም የከተማው ምክር ቤት በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ፈቀደ።

በአገራችን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ልዩነትም ከዚህ የመጣ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተርን ትምህርት ወርሳለች። ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስና ሙሉ ወንጌል በአብዛኛው የመታሰቢያነቱን ጎን ያጎላሉ። ልዩነቱ ቀላል ነው አንልም። ነገር ግን ሁላችንም ማዕዱ የጌታ እንጂ የእኛ እንዳልሆነ፣ የሞቱም አዋጅ እስኪመጣ ድረስ እንደሆነ እንመሰክራለን።

በዚያው በ1529 እ.ኤ.አ.፣ አባቶች በማርቡርግ ከመነጋገራቸው ከወራት በፊት፣ በእኛ ምድር የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የኢማም አሕመድ ጦር ሸዋንና ይፋትን አልፎ ወደ ሰሜን ዘለቀ። በአውሮፓ በማዕድ ላይ ክርክር ሲሆን በእኛ አገር ማዕድ የሚዘረጋበት ቤትም ይቃጠል ነበር።

ኢትዮጵያዊው ዲያቆን በዊተንበርግ

ከዚህች ከተጨነቀች አገር የሆነ ዲያቆን ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ በ1534 እ.ኤ.አ. ወደ ዊተንበርግ መጣ። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ተቀምጦ ስለ እምነት ተነጋገረ። ሉተር ለብዙ ዘመን ከሮም ውጪ ያሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሕዝቡ ጽዋ እንደሚሰጡ ይናገር ነበር፤ አሁን ከዚያ ወገን የሆነ ሰው በፊቱ ተቀመጠ። ሐምሌ 4 ቀን 1534 እ.ኤ.አ. በተጻፈለት የምስክር ደብዳቤ ላይ፣ በጌታ እራት ሥርዓት የእኛና የእነርሱ ይስማማል የሚል ሐሳብ ሰፍሯል፤ በሥርዓት ቢለያዩም በእምነት ወንድም እንደሆነም ተመስክሮለታል።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ለመኩራት አይደለም፤ የሉተርና የእኛ አባቶች እምነት በሁሉ አንድ ነበር ለማለትም አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ "ፕሮቴስታንት የፈረንጅ ሃይማኖት ነው" ስንባል፣ እኛም ከእናቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ምንም የወረስነው የለም ብለን ስናስብ፣ ዲያቆን ሚካኤል ያስተምረናል። ሁለቱንም፣ ኅብስቱንና ጽዋውን፣ ለሕዝብ መስጠትን በተመለከተ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያላቋረጠችው ነገር ለተሐድሶ አባቶች ምስክር ሆኗቸዋል። ስለዚህ ስለ ጎረቤቶቻችን ቁርባን ስንናገር አንደበታችን ይገራ።

በይፋት መንገድ የመጡት መጻሕፍት

ከ300 ዓመት በኋላ ፕሮቴስታንት መልእክተኞች ወደ ሸዋ ሲመጡ ያለፉት በይፋት ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ኢሰንበርግና ክራፕፍ ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው በፋሬ በኩል ወደ አንኮበር ወጡ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ራሱን የሸዋና የይፋት ንጉሥ ብሎ የሚጠራ ስለነበር፣ የቆላው በር በእጁ ነበር። ኢሰንበርግ በወራት ውስጥ ሲመለስ ክራፕፍ እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ።

እነዚህ ሰዎች ይዘውት ከመጡት ውስጥ ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ በካይሮ የተረጎሙት የአማርኛ አዲስ ኪዳን በ1829 እ.ኤ.አ.፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚህ ምክንያት ስለ ማዕዱ የተጻፈው ቃል በቤት ቋንቋ መነበብ ቻለ። በ1954 ዓ.ም የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ጌታ ያነሣውን "እንጀራ" ብሎ ይጠራዋል። ለእኛ እንጀራ ኑሮ ነው፤ ሥራም እንጀራ ነው፤ "የእንጀራ ጉዳይ" ስንል ሕይወታችንን ማለታችን ነው። ጌታ ራሱን የሕይወት እንጀራ ብሎ ሲጠራ በዓል ሲመጣ ብቻ የሚበላ ነገር አላደረገውም።

ማዕዱ ወደ ቤት ሲገባ

በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ጸሎቱ፣ ትምህርቱና ኅብረቱ በትንንሽ ቡድኖች ወደ ሰው ቤት ገባ። ከ10 ዓመት ያህል በኋላ በሩ ሲከፈት አባላቱ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ወደ ሳሎን ስትገባ ወደ ቆሮንቶስ ዘመን ትመለሳለች። በአምስትና በስድስት ሰው መካከል ሰው ተኳርፎ መደበቅ አይችልም። ማን እንዳልበላ፣ ማን እንደታሰረበት፣ ማን እንዳዘነ ይታያል። ዛሬ አዳራሻችን ሰፍቶ ድምፅ ማጉያችን ሲበዛ ይህን ማየት ቀንሶብናል።

ዛሬ፣ በቀወት

እንግዲህ ወደ ትሪው እንመለስ። በ2013 ዓ.ም በአጎራባቻችን በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው በብሔሩ ተለይቶ ተገድሏል፣ ተፈናቅሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደረሰ። ከዚያ በኋላም ልባችን አላረፈም። በአንድ ጉባኤ ውስጥ የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንቀመጣለን፤ የሞተብንን የምናስበው ግን በየፊናችን ነው። አንዱ ስለ ሌላው ወገን የሚናገረውን ቤቱ ገብተን ብንሰማው ምን እናገኝ ነበር? የእኛስ ንግግር በትሪው ፊት ይቆማል?

በዚህ አገር ማዕድ ሰውን እንደሚለይ አይተናል። ጌታ የሠራው ማዕድ ግን የጥሉን ግድግዳ በሥጋው ያፈረሰበት ነው። ስለዚህ ራሳችንን ስንመረምር የምንጠይቀው "ኃጢአት አለብኝ ወይ?" የሚለውን ብቻ አይሁን፤ መልሱ ይታወቃል፣ ደሙም የፈሰሰው ለዚያ ነው። "ከማን ጋር ነው የምበላው? ማንን ነው አጠገቤ እያለ ያላየሁት?" ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመለማመድ ጥቂት ምክር እናቅርብ።

1. ከማዕዱ በፊት ያለውን ሳምንት እንጠቀምበት። ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። በውሃ ተራ፣ በድንበር፣ በውርስ፣ በብድር የተጣላን ሰዎች እሑድ ሳይደርስ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ። ቅዳሜ ማታ የተደረገ አንድ እርቅ እሑድ ጠዋት ከሚፈስ ብዙ እንባ ይሻላል።

2. ፈርታችሁ የምትቀሩ ወገኖች ሆይ፣ ኑ። ንስሐ የምትገቡበት ኃጢአት ካለ ንስሐ ግቡ፤ ብቻችሁን ካልቻላችሁ አገልጋይ አነጋግሩ። ግን በቅታችሁ ለመምጣት አትጠብቁ። ካዳችሁ? ጴጥሮስ ተቀምጦ ነበር። ተጠራጠራችሁ? ቶማስም ነበረ። እውነተኛ ርኩሰት ከኃጢአት ጋር ተስማምቶ መኖር ነው፤ በኃጢአቱ የሚያለቅስ ሰው ማዕዱ የተዘጋጀለት ሰው ነው።

3. ተጣልተን የምንበላ ደግሞ እንቁም። የጳውሎስ ማስጠንቀቂያ በቀጥታ የመጣው ወደ እኛ ነው። አንድ እሑድ ዘግይተን፣ ታርቀን፣ በሚቀጥለው ብንበላ ይሻላል። መቅረትን ልማድ ማድረግ ግን መድኃኒቱን ትቶ በሽታውን ማስታመም ነው።

4. የተራበ ካለ ይብላ። ከማዕዱ በኋላ ሻይና ዳቦ፣ ሲቻልም ምሳ አብረን እንብላ። የመጣው ተፈናቃይ፣ ቤተሰቡ የገፋው አዲስ አማኝ፣ ብቻዋን የምትኖር እናት ከእኛ ጋር ይቀመጡ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይላሉ አባቶቻችን።

5. ድርሻቸውን እንውሰድላቸው። የዮስጦስ ዘመን ዲያቆናት ላልመጡት ይወስዱ ነበር። በአጥቢያችን አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ በሸዋ ሮቢትም ማረሚያ ቤት አለ። ታሳሪዎችን መጠየቅ፣ ሲፈቀድም ከአማኞቹ ጋር ማዕዱን መካፈል የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው።

6. እምነትን ገና እየመረመራችሁ ያላችሁ ወዳጆች፣ ትሪው ሲያልፋችሁ እንደተገፋችሁ አይሰማችሁ። ማዕዱ ለጌታ ራሳቸውን ለሰጡ ነው፤ መጋበዣው ግን ለሁሉም ነው። መጀመሪያ የምትወስዱት እርሱን ራሱን ነው። ጥያቄ ካላችሁ አብረን እንቀመጥ፤ የምንጠጣው ቡና አይጠፋም።

ጌታ በዚያች ሌሊት በአባቱ መንግሥት ከእኛ ጋር አዲሱን እስኪጠጣ ድረስ ከወይን ፍሬ እንደማይጠጣ ተናግሯል። ስለዚህ ማዕዳችን ወደ ኋላ ብቻ አያይም። ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡ ከአብርሃም ጋር የሚቀመጡበት ቀን አለ። በዚያ ቀን አጠገባችን ማን እንደሚቀመጥ የምንመርጠው እኛ አይደለንም። እንግዲህ ከአሁኑ አብረን መብላትን እንልመድ።

እንጸልይ።

ጌታ ሆይ፣ ሳንበቃ ስለጠራኸን እናመሰግንሃለን። የፈሩትን እጆች ዘርጋ፤ የደነደኑትን ልቦች አለዝብ። በቀወት፣ በይፋት ቆላና በደጋው የተበተንነውን ሰብስበህ አንድ እንጀራ አድርገን። ሐዘን የተቀመጠበትን ቤት አጽናና፤ በመካከላችን የቀረውን ጥል በመስቀልህ ግደል። የሚቀጥለው ትሪ ሲመጣ ወንድማችንን አይተን እንድንበላ እርዳን። እስክትመጣ ድረስ ሞትህን እንናገራለን። አሜን።